ሳይጠሩ የመጡ እንግዶች
በሐይቅና በአምባሰል መንገድ የታየ የተሳፋሪ ፍጥረታት ታሪክ

ሰው ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ብቻውን አይሄድም። በጭነቱ ውስጥ፣ በከብቱ አካል፣ በልብሱ ስፌትና በጫማው ጭቃ ሌሎች ፍጥረታት አብረውት ይጓዛሉ። የወደብ መዝገብ የሚያሰፍረው የተጫነውን ዕቃ እንጂ ከዕቃው ጋር የተሳፈረውን አይደለም። ከዚህም የተነሣ የእነዚህ ተጓዦች ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከደረሱበት ቀን ጀምሮ ሳይሆን ጉዳት ካደረሱበት ቀን ጀምሮ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ሰፊ አገር አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐይቅ ከተማ እንደርሳለን። ከከተማዋ አጠገብ ጥንታዊው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ ተዘርግቷል። መንገዱ ወደ ሰሜን ሲቀጥል አምባሰልን ይዞ ውጫሌን ያቋርጣል፤ ከዚያም በመርሳ አድርጎ ወደ ወልድያ ያመራል። በዚህ መንገድ ዙሪያ ከመቶ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ሦስት ታላላቅ እንግዶች ታይተዋል፤ አንዱ በከብት፣ አንዱ በእህል፣ አንዱ በዓሣ መልክ። የሦስቱ ታሪክ ሲነጻጸር አንድ ቁም ነገር ይገለጣል፤ ይኸውም የሚያስፈልገንን ነገር መቀበልና የተቀበልነውን መመርመር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው።

የውጫሌ ዘመን እንግዳ

ውጫሌ በታሪክ የታወቀችው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። ስለ ውሉ 17ኛ አንቀጽና ስላስከተለው ጦርነት ብዙ ተጽፏል። ነገር ግን ውሉ በተፈረመበት ወቅት አገሪቱን ሌላ ጠላት ይዟት እንደነበረ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው እንደሚስማሙበት የከብት ደስታ በሽታ ወደ አገራችን የገባው በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል ነው፤ ያመጡትም ለኢጣልያ ጦር ከባሕር ማዶ የተጫኑ ከብቶች ነበሩ። ከብቶቹ ተቆጥረው ወርደዋል፤ በደማቸው ውስጥ ያለውን ግን የቆጠረ አልነበረም።

በሽታው ከደጋ እስከ ቆላ ተዛመተ። ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ በተለምዶ ይገመታል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ ጎተራ ባዶ ነው። በዚያ ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨምሮበት እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የዘለቀው መከራ በሕዝብ ዘንድ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ የሚነገረውም በዚህ ጊዜ ነው።

የዚህ እንግዳ ታሪክ ግን በመልካም ተፈጽሟል። በ1986 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአፍሪካ አቀፍ ዘመቻ ክትባትን ከክትትል ጋር አያይዞ ሠራ። በመጨረሻ በሽታው የተሸሸገው መኪናና ማቀዝቀዣ በማይደርስባቸው የአፋር ቆላዎች ነበር። እዚያም ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ለአርብቶ አደሮቹ ለራሳቸው ተሰጥቶ፣ ሠልጥነው ከብታቸውን እንዲከትቡ ተደረገ። በአገራችን የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከበሽታው ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ድሉ የተገኘው የመድኃኒቱ ኃይልና በሽታውን በዓይኑ ለይቶ የሚያውቀው የባለ ከብቱ እውቀት በአንድ እጅ በመጨበጣቸው ነው።

ከስንዴው ጋር የመጣው

ሁለተኛው እንግዳ አሁንም ከእኛ ጋር ነው። በሳይንስ ስሙ ፓርቲኒየም ይባላል፤ በአማርኛ ቅንጬ አረም፣ በኦሮምኛ ፈረምሲሳ ይሉታል። የትውልድ አገሩ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ነው። ወደ ሕንድ የገባው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ከተላከ ስንዴ ጋር እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። በአገራችን ስለ መጣበት መንገድ ሁለት ወሬዎች አሉ። አንደኛው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ከተደረገው ጦርነት ጋር በተሽከርካሪዎች ገባ የሚል ነው። ሁለተኛው ከእርዳታ እህል ጋር መጣ ይላል፤ ለዚህም ማስረጃ የሚቀርበው አረሙ በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ በድሬዳዋና በደሴ አካባቢ በእርዳታ ማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ መታየቱ ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱ ወሬዎች አይጣሉም። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ጎማና ስለ ጆንያ ነው። የአረሙ ፍሬ በነፋስ ሩቅ የሚበር አይደለም፤ የሚጓዘው በጎርፍ፣ በጭቃ፣ በሰኮና፣ በአሸዋ ጭነትና በእህል ውስጥ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ በጸና ጊዜ ከአሰብ የተነሡ የእህል መኪኖች በባቲና በኮምቦልቻ አድርገው ደሴ ይገቡ፣ ከዚያም ሐይቅንና ውጫሌን አልፈው ወደ ቆቦና ወደ ኮረም ያመሩ ነበር። ለአረም ፍሬ ከዚህ የተሻለ መንገድ አይገኝም። ዛሬም አረሙን ለማየት የሚሻ ሰው መጀመሪያ የመንገዱን ዳር ይመልከት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። በዚያ ዘመን ሕፃን በእናቱ ጀርባ ላይ እየሞተ፣ «በስንዴው ውስጥ የአረም ፍሬ አለበትና መኪናው ይቁም» ሊል የሚገባው ሰው አልነበረም። እህሉ መግባት ነበረበት፤ ገብቶም ነፍስ አድኗል። ጥፋቱ እህሉን መቀበሉ አይደለም። ጥፋቱ፣ ረሃቡ ካለፈ በኋላ በየማከፋፈያው ግቢ፣ በየመጋዘኑ ጥግና በየመኪና ማቆሚያው ምን እንደ በቀለ ዞሮ የሚያይ ሰው ሳይመደብ መቅረቱ ነው። ጥቂት ሰዎች በጥቂት ቀናት ሊነቅሉት ይችሉ የነበረ አረም ሜዳውን ከያዘ በኋላ የገበሬው የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ።

መለየት ከማጥፋት ይቀድማል

ስለ ተሳፋሪ ፍጥረታት አያያዝ ከእኛ ሥራ ርቀው ከሚገኙ ሰዎችም ትምህርት ይገኛል። በውጭ አገር የባሕር ውሃ በመስታወት ሣጥን ሞልተው ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ከባሕር የወጣ «ሕያው ድንጋይ» የሚሉትን ይገዛሉ፤ ይህም በላዩና በቀዳዳዎቹ ውስጥ ልዩ ልዩ ነፍሳት የሠፈሩበት የዛጎል ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ውሃውን ያጠራል፤ ነገር ግን ያልታዘዙ እንግዶችንም ይዞ ይመጣል። አዋቂ የሆነው አርቢ ድንጋዩን በቀጥታ ከዓሦቹ ጋር አይጨምርም። በተለየ ዕቃ ለሳምንታት አቆይቶ፣ በሌሊት በመብራት እያየ፣ የወጣውን ሁሉ ይለያል። ጠጉራም ትል ቢያገኝ አይደነግጥም፤ አብዛኞቹ ትርፍራፊ እየበሉ የሚያጸዱ ናቸውና። አይፕታዚያ የሚባለውን እንደ አበባ የተዘረጋ ተናዳፊ እንስሳ ቢያገኝ ግን በችኮላ አይቦጭቀውም፤ የተቆረጠው ቁራጭ ሁሉ ራሱን ችሎ ያድጋልና።

ይህ ሥርዓት ለቅንጬ አረምም ይሠራል። አረሙ ገና በለጋነቱ ከመሬት የተለጠፈና እንደ ካሮት ወይም እንደ አሪቲ ቅጠል የተሸነሸነ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች ይስቱታል። ሲያድግ ግንዱ ቀጥ ብሎ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ከሰው ቁመት እኩል የሚደርስበት ጊዜም አለ። አበባው ነጭ፣ ጥቃቅንና አምስት ማዕዘን ያለው ሲሆን፣ ከሩቅ ሲታይ የተከካ እህል የተበተነ ይመስላል። ዝናብ ካገኘ በአንድ ወር ገደማ ያብባል፤ አንድ ተክል ብቻውን ከ15,000 በላይ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ካበበና ፍሬ ከያዘ በኋላ መንቀል አይፕታዚያን እንደ መቦጨቅ ነው፤ የሚነቅለው ሰው ራሱ ዘሪ ይሆናል።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ሳይታረም በተተወ የማሽላ ማሳ ላይ ምርቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ እንደቀነሰ ታይቷል። ከብት ሲበላው ወተቱ ይመራል። አዘውትሮ የሚነካው ሰው ቆዳው ይቆጣል፤ ብናኙም አስም ላለባቸው ሰዎች ጠንቅ ነው። በእጅ የሚያርሙት ደግሞ በአብዛኛው ጓንት የሌላቸው ሴቶችና ልጆች መሆናቸውን የሙያ ባልደረቦቻችን ሊዘነጉት አይገባም።

ስለ አያያዙ በአጭሩ እንናገር። አረሙ ከማበቡ በፊት እጅን ሸፍኖ ከነሥሩ መንቀል፤ ከተጠቃ ስፍራ የመጣን ዘር፣ አሸዋና ድርቆሽ መፈተሽ፤ የእርሻ መሣሪያንና መኪናን ከጭቃ ማጽዳት፤ የግጦሽን መሬት ባዶ እስኪሆን አለማስጋጥ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የአረም መድኃኒት በመንገድ ዳርና በባዶ መሬት ይረዳል፤ ለአነስተኛ ገበሬ ግን ዋጋው ይከብዳል።

ከዚህም ሌላ እንግዳን በእንግዳ የመግታት ዘዴ አለ። ዚጎግራማ የተባለችው ቅጠል በል ጥንዚዛ ከሜክሲኮ ወደ ሕንድና ወደ አውስትራልያ ተወስዳ ተለቃለች። ወደ አገራችን ስትመጣ ግን በአምቦ በተዘጋጀ የኳራንታይን ቤት ተይዛ፣ ጤፍንና ኑግን ጨምሮ በሰብሎቻችን ላይ ተፈተነች። በተለይ ኑግ የአረሙ ዘመድ ስለሆነ ፈተናው ግድ ነበር። ጥንዚዛዋና ግንድ ቦርቧሪ የሆነው ነቀዝ በሜዳ የተለቀቁት ከዚህ በኋላ በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። አረሙ ያለ ፈተና ገባ፤ ጠላቱ ግን በር ላይ ቆሞ ተመረመረ። ልዩነቱ ትምህርት ይሆነናል።

በሐይቁ ውስጥ ያለው ጥያቄ

ሦስተኛው እንግዳ በስሙ ተጠርቶ የመጣ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ገደማ ቆሮሶ በሐይቁ ውስጥ ተጨመረ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ለአካባቢው ሕዝብ ምግብና ገቢ ለማስገኘት ታስቦ ነው፤ ዓሣ አስጋሪዎችም ከዚህ ተጠቅመዋል። ነገር ግን ሐይቁ ውሃው በግልጽ የሚወጣበት መፍሰሻ የለውም፤ የገባበት ነገር ሁሉ ከእርሱው ጋር ይቀራል። በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ጥናት፣ ቀድሞ ጥልቀቱ በዓይን ይታይ የነበረው ውሃ በጥቃቅን አረንጓዴ ዕፀዋት መደፍረሱን አመለከተ። ሊሆኑ ከሚችሉት ምክንያቶች አንዱ፣ እነዚያን ዕፀዋት ይበሉ የነበሩትን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ዓሣው መብላቱ ነው። ከዳር ዳር እርሻ የሚታጠበው አፈርም ድርሻ እንዳለው አያጠራጥርም።

እንግዲህ ቆሮሶ ጠላት ነው ልንል አንችልም፤ ወዳጅ ብቻ ነው ልንልም አንችልም። ተጋብዞ የመጣ እንግዳም ቢሆን በቤቱ ውስጥ ያለውን ሥርዓት እንደሚለውጥ ግን ያስረዳናል። የተጠራውም ያልተጠራውም እኩል ሊመረመር ይገባዋል።

መደምደሚያ

ሦስቱን ታሪኮች አንድ የሚያደርጋቸው እንግዶቹ በክፉ ሰው እጅ አለመምጣታቸው ነው። ከብቱ ለቀለብ፣ ስንዴው ለረሃብተኛ፣ ዓሣው ለድሀ መጣ። ወደፊትም እርዳታ ይመጣል፣ ምርጥ ዘር ይመጣል፣ አዲስ ዝርያ ይመጣል። መከልከል አይቻልም፤ አይገባምም። የሙያችን ግዴታ ጭነቱ ከወረደ በኋላ የሚጀምር ነው፤ ጆንያው በተፈታበት ግቢ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ተመልሶ መሄድ፣ የማይታወቅ ቡቃያ ሲታይ ስም እስኪያገኝለት ድረስ አለመተው፣ ከሁሉም በፊት ያየውን ገበሬ መጠየቅ። በአፋር ቆላ ደስታን ያሸነፈው የባለ ከብቱ ዓይን ነበር። በሐይቅና በአምባሰል መንገድ ዳር ላይ የበቀለውን ነጭ አበባም መጀመሪያ የሚያየው ከብት የሚያግድ ልጅ ነው። ያ ልጅ አይቶ የሚነግረው ሰው እንዲያገኝ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።