ከስሌት ወደ ሥዕል፤ የፍራክታል አመጣጥ

በኮምፒውተር የሚሠሩት የፍራክታል ሥዕሎች የሒሳብ መሠረታቸው የተጣለው ኮምፒውተር ከመኖሩ አስቀድሞ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊቱን የቆሰለው ፈረንሳዊ ጋስቶን ዡሊያ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጥናት፣ የአገሩ ሰው ፒየር ፋቱም በዚያው ዘመን፣ አንድን ስሌት መላልሶ መሥራት የሚያስከትለውን ውጤት መርምረዋል። ይሁን እንጂ ስሌቱ በእጅ የሚዘለቅ ባለመሆኑ ቅርጹን አጥርቶ ማየት አልተቻለም።

«ፍራክታል» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ቤንዋ ማንደልብሮት እ.ኤ.አ. በ1980 ይህንኑ ስሌት በኮምፒውተር መረመረ። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ይኸውም ከ0 ተነሥቶ ቁጥሩን በራሱ ማባዛት፣ አንድ የተመረጠ ቁጥር መደመር፣ ውጤቱንም እንደገና እንዲሁ ማስላት ነው። የተመረጠው ቁጥር 1 ሲሆን 0፣ 1፣ 2፣ 5፣ 26 እያለ ያለ ገደብ ያድጋል፤ -1 ሲሆን ግን በ0 እና በ-1 መካከል ይመላለሳል። ኮምፒውተሩ በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ጠለል ላይ ነጥብ በነጥብ እየፈተነ፣ ከገደብ የማያልፈውን ያጠቁራል፤ የሚያልፈውን እንደ ፍጥነቱ በቀለም ይለያል።

በመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ከዋናው ቅርጽ የተነጠሉ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ስለ ታዩ፣ ማንደልብሮት ቅርጹ የተበታተነ መስሎት ነበር። አድሪያን ዱዋዲና ጆን ሃባርድ ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ቅርጹ በሙሉ የተያያዘ መሆኑን በሒሳብ አረጋገጡ። ጥያቄውን ያስነሣው ሥዕሉ ነው፤ የፈታው ግን ማረጋገጫው ነው። በመሆኑም ሥዕልን ለማስጌጫ ብቻ የሚያቀርብ፣ ወይም ማረጋገጫን ያለ ሥዕል የሚያስጠና የሒሳብ ትምህርት ከሁለቱ አንዱን ያጎድላል።