ቃጫ፣ ጀሪካንና ኤሌክትሪክ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ጀሪካን፣ ፕላስቲክና ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥበት ሰፈር ነው። ጥጥና ቃጫም ከገበያው አይጠፉም። ጥጥና ቃጫ በአብዛኛው ሴሉሎስ ከተባለው የተክል አካል የተሠሩ ሲሆን፣ በጥጥ ውስጥ ድርሻው 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ጀሪካኑ ደግሞ ፖሊኤቲሊን የተባለ ፖሊመር ነው። ሁለቱም ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፤ የመብራት ሽቦ በፕላስቲክ የሚሸፈነውም ለዚሁ ነው።

ሁለቱ ተዋሕደው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፉ ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል። አንዱ የመኪና ጎማን የሚያጠቁረው የካርቦን ዱቄት ነው። ዱቄቱ ጥቂት ከሆነ ቅንጣቶቹ ተራርቀው ይቀራሉ። መጠኑ ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ ግን ይነካካሉ፤ ኤሌክትሪክም መንገድ ያገኛል። ነገሩ ወንዝ ለመሻገር እንደሚደረደር ድንጋይ ነው፤ መሐል ላይ ከጎደለ መሻገር የለም።

የፕላስቲኩ ምርጫም ወሳኝ ነው። ሴሉሎስ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ማረር ይጀምራል። የጀሪካን ፕላስቲክ በ130 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ከቃጫ ጋር ይስማማል፤ የታሸገ ውኃ ጠርሙስ ግን 250 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ቃጫው አስቀድሞ በደንብ ካልደረቀ፣ እርጥበቱ በእንፋሎት እየወጣ ውሁዱን ያቦረቡረዋል።

ሌላው ዘዴ ማቅለጥ አያስፈልገውም። ቃጫው ፒሮል በተባለ ኬሚካል ተነክሮ ፌሪክ ክሎራይድ ሲጨመርበት፣ ላዩ ላይ ፖሊፒሮል የተባለ ጥቁር ልባስ ይሠራል፤ ይህ ፖሊመር ራሱ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ፖሊመሮችን ያገኙት ሂገር፣ ማክዲያርሚድና ሺራካዋ እ.ኤ.አ. በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ከአልጌ የተገኘ ሴሉሎስን በፖሊፒሮል ለብጠው ባትሪ ሠርተዋል። ኢትዮጵያዊው የኬሚስትሪ ተመራማሪ ሽመልስ አድማሴም በ2014 ከስዊድን ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ በእንጨት ውስጥ የሴሉሎስ ጎረቤት የሆነውን ሊግኒን ከፖሊፒሮል ጋር አዋሕዶ ኤሌክትሪክ የሚያከማች ቁስ አሳይቷል።

የቃጫ ዋጋ በዚህ ምክንያት ነገ ይጨምራል ማለት ችኮላ ነው። ውሁዱ የመዳብ ሽቦን አይተካም። የሚያገለግለው ለባትሪ ክፍሎች፣ ለእርጥበት መለኪያና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃን ከስታቲክ ኤሌክትሪክ ለሚጠብቅ ማሸጊያ ነው።

ሥራው የቤት ሙከራም አይደለም፤ የፒሮል ትነት መርዛማ ነው፣ ፌሪክ ክሎራይድም ቆዳንና ዓይንን ይጎዳል። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ ጥቁሩን ዱቄት ማውጣትም አቋራጭ አይሆንም፤ ካርቦኑ ለሳንባና ለነርቭ ጎጂ ከሆነ የማንጋኒዝ ውህድ ጋር የተቀላቀለ ነው።