የካትማንዱ አንደኛ የምርጫ ወረዳ ታሪክ

በኔፓል ዋና ከተማ ከሚገኙት የምርጫ ወረዳዎች አንዱ «ካትማንዱ ቁጥር 1» ይባላል። ወረዳው ሰፊ አይደለም፤ ሆኖም በ1991 እና በ1994 መራጮቹ የሰጡት ድምፅ አገሪቱን ማን እንደሚመራ ለመወሰን በቅቷል። ይህ የሆነው በኮሙኒስቶች መበርታት ነው የሚል አስተያየት በብዙ ሰው ዘንድ አለ። የእኔ አስተያየት ግን የኮንግሬስ ፓርቲ የውስጥ ጠብ ከዚያ ያላነሰ ሥራ ሠርቷል የሚል ነው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ቃል ልናገር። ኔፓላውያን እንደ እኛ የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው፤ ነገር ግን የእኛው ከአውሮፓው ወደ ኋላ ሲቀር የእነርሱ በ57 ዓመት ያህል ይቀድማል። ሁለቱን በአንድ ገጽ ማቀላቀል አንባቢን ማድከም ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ የአውሮፓውን ተከትያለሁ።

ኔፓል የመጀመሪያውን የፓርላማ ምርጫ ያደረገችው በ1959 ነው። ከ109 ወንበሮች 74ቱን የኔፓል ኮንግሬስ አገኘ፤ ክሪሽና ፕራሳድ ባታራይም የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆኑ። ምክር ቤቱ ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በዲሴምበር 1960 ንጉሥ ማሄንድራ በተኑት፤ መሪዎቹን አሰሩ፤ ፓርቲዎችንም ከለከሉ። ከዚህ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ፓርቲ የሌለበት፥ «ፓንቻያት» የሚባል አገዛዝ ጸና። በ1990 ሕዝብ ተነሥቶ ይህን አገዛዝ በጣለ ጊዜ፥ ለዓመታት የታሰሩት ባታራይ የጊዜያዊው መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ዐዲሱ ሕገ መንግሥት የወጣው፥ ምርጫውም የተሰናዳው በእርሳቸው ዘመን ነው።

ምርጫው ሜይ 12 ቀን 1991 ተደረገ። ባታራይ የተወዳደሩት በካትማንዱ ቁጥር 1 ነበር። የገጠማቸው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከሁለት ፓርቲዎች መዋሐድ የተወለደው የተባበረው ማርክሳዊ ሌኒናዊ ኮሙኒስት ፓርቲ መሪ፥ ማዳን ባንዳሪ ነው። ባንዳሪ እስከ 1990 ድረስ በስውር ሲሠሩ የኖሩ፥ አደባባይ ከወጡ በኋላ ግን በንግግር ችሎታቸው ስማቸው የገነነ ሰው ነበሩ። ድምፁ ሲቈጠር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከ1,000 ባነሰ ልዩነት ተሸነፉ።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ ይበል። ኮንግሬስ በአገሪቱ በሙሉ አልተሸነፈም፤ እንዲያውም ከ205 ወንበሮች 110ሩን ይዞ አሸንፏል። ፓርቲው አሸንፎ መሪው ወደቁ። በሕጉ መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የምክር ቤቱ አባል መሆን ስለሚገባው ባታራይ ሥልጣናቸውን አስረክበው ወጡ፤ ቦታውንም ጊሪጃ ፕራሳድ ኮይራላ ያዙት። ምርጫውን ያዘጋጀ የመንግሥት መሪ በገዛ ምርጫው ወድቆ በሰላም ቤቱ መግባቱ፥ እንደ እኔ ግምት፥ ከዚያ ዓመት ሥራዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ሳይታወቅ ያለፈው መዘዝ ግን ሌላ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በኮንግሬስ ውስጥ በመንግሥት ያሉት ኮይራላና ከመንግሥት ውጭ የቀሩት ባታራይ ሁለት ጎራ ሆኑ።

ሜይ 16 ቀን 1993 ማዳን ባንዳሪ የተሳፈሩባት መኪና ዳስዱንጋ በሚባል ስፍራ ትሪሹሊ ወንዝ ውስጥ ገባች፤ እርሳቸውና ጓደኛቸው ጂብ ራጅ አሽሪት ሞቱ። መንግሥት ድንገተኛ አደጋ ነው ቢልም ፓርቲያቸው አላመነም፤ በካትማንዱ ጎዳናዎችም ሰልፍና ደም መፋሰስ ሆነ። ወንበሩ ባዶ ስለ ቀረ በፌብሩዋሪ 1994 የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ባታራይ እንደገና ቀረቡ። ኮሙኒስቶቹ ያቀረቡት የሟቹን ባለቤት፥ ወይዘሮ ቢድያ ዴቪ ባንዳሪን ነበር። ወይዘሮዋ አሸነፉ።

ሕዝቡ የመረጣቸው ባለቤታቸው ሞተውባቸው ስላዘነላቸው ነው ይባላል። ኀዘኑ አልነበረም አልልም። ነገር ግን በ1991 ማንም ሳይሞት ባታራይ በዚሁ ወረዳ ተሸንፈዋል፤ ስለዚህ ኀዘን ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። የባታራይ ደጋፊዎች ራሳቸው የከሰሱት ኮሙኒስቶችን ሳይሆን፥ እጩአችንን አልደገፈም፥ አሰናክሏል ብለው የኮይራላን ወገን ነበር። ክሱ እውነት ይሁን አይሁን ውጤቱ አልዘገየም። በጁላይ 1994፥ 36 የኮንግሬስ እንደራሴዎች ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ከምክር ቤቱ ቀሩ፤ የኮይራላ መንግሥት በገዛ ሰዎቹ ተሸነፈ፤ ምክር ቤቱም ተበተነ። በኖቬምበሩ ምርጫ ኮሙኒስቶቹ 88፥ ኮንግሬስ 83 ወንበር አገኙ፤ ማን ሞሃን አዲካሪም የኮሙኒስት መንግሥት አቆሙ። ባታራይ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት የተመለሱት በ1999 ነው፤ ለዚያውም በካትማንዱ ሳይሆን በደቡቡ ሜዳ፥ በፓርሳ ቁጥር 1 ተመርጠው ነው። ዐሥር ወር ያህል ገዝተው ቦታውን መልሰው ለኮይራላ ለቀቁ። ወይዘሮ ባንዳሪ ደግሞ ወደ ካትማንዱ ቁጥር 2 ተሻግረው በእንደራሴነት ቀጠሉ፤ በ2015 የኔፓል የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ስለ ኋለኛው ዘመን በአጭሩ ልጻፍ። ንጉሣዊው አገዛዝ በቀረበት በ2008 የካትማንዱ አውራጃ በ10 ወረዳ ተከፍሎ ነበር፤ በ2017ም ድንበሩ ዳግመኛ ተለወጠ። ስለዚህ የቁጥር 1 ስም አንድ ቢሆንም መሬቱ አንድ አይደለም፤ የድምፁን ቍጥር ከ1991 ጋር በቀጥታ ማመዛዘን ስሕተት ነው። ከ2008 ጀምሮ እስከ 2025 ወረዳውን ይዘው የነበሩት የኮንግሬሱ ፕራካሽ ማን ሲንግ፥ የታወቁት አርበኛ የጋኔሽ ማን ሲንግ ልጅ ናቸው። በ2017 የቀድሞው ጋዜጠኛ ራቢንድራ ሚሽራ ገጥመዋቸው 10,936 ለ10,118 ሆኑ። በ2022 ያው ሚሽራ ንጉሡ ይመለስ በሚለው ፓርቲ ስም ተመልሰው መጡ፤ ውጤቱም 7,143 ለ7,018፥ ማለት የ125 ድምፅ ልዩነት ሆነ።

ልዩነቱ የጠበበው ሚሽራ ስለ በረቱ ይመስላል፤ ቍጥሩ ግን እንዲህ አይልም። የሁለቱም ድምፅ ከሦስት ሺህ በላይ ቀንሷል። ከነባሮቹ የተሰላቸ መራጭ ወደ ሌላ ሄዷል፤ በዚያው ዓመት የተቋቋመው ብሔራዊ ነጻ ፓርቲ ከአውራጃው 10 ወንበሮች 4ቱን ወስዷል። ቁጥር 1 ግን ለአራተኛ ጊዜ የሲንግ ሆነ። ያም ምክር ቤት ዘመኑን ሳይፈጽም፥ ወጣቶች በተነሡበት በሴፕቴምበር 2025 ተበተነ።