ወስፋትና የተቆጣ ትርፍ አንጀት፦ በአልትራሳውንድ የመለያ ነጥቦች

የተቆጣ ትርፍ አንጀትም ሆነ አንጀት ውስጥ ያለ ወስፋት በአልትራሳውንድ ሲታዩ ቱቦ ይመስላሉ። ሁለቱም በአግድም ሲቆረጡ ቀለበት በቀለበት ሆነው ስለሚወጡ፣ አንድ ምስል ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። መታየት ያለበት ቱቦው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ነው።

ትርፍ አንጀት ከዕውር አንጀት ይነሳና ጫፉ ድፍን ሆኖ ያበቃል። ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ፑይላርት በ1986 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቁት ዘዴ መሠረት ፕሮቡ ቀስ በቀስ ሲጫን ጤነኛው ይጨመቃል፤ የተቆጣው ግን አይጨመቅም፣ አይንቀሳቀስም፣ ታካሚውንም እዚያው ነጥብ ላይ ያመዋል። ውጫዊ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ በዙሪያው ያለው ስብ ይነጣል፣ በዶፕለር ሲታይም የግድግዳው የደም ፍሰት ይጨምራል። ሆኖም 6 ሚሊ ሜትር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በሰገራ የተሞላ ጤነኛ ትርፍ አንጀትም ይህን መጠን ሊያልፍ ይችላል።

ወስፋት ከ15 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። በቁመቱ ሲታይ ትይዩ ነጫጭ መስመሮች ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ጠቆር ያለ ቀጭን ሰርጥ የትሉ የራሱ አንጀት ነው። የሕመምተኛው አንጀት ግድግዳ ከትሉ ውጭ ለብቻው ይለያል። ትሉ ሲጠማዘዝ ከታየ ጥርጣሬው ያበቃል፤ የሞተ ትል ግን ስለማይንቀሳቀስ ዝም ማለቱ ምንም አያረጋግጥም።

አስቸጋሪው ወስፋቱ ትርፍ አንጀት ውስጥ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ትል መኖሩ ሳይሆን ግድግዳው መቆጣቱ ይሆናል። ግድግዳው ካልወፈረ፣ ስቡ ካልነጣ፣ ሲጫንም ካላመመ፣ ቢላ ከማንሳት በፊት ታካሚውን በቅርብ መከታተል ይመረጣል።

ወስፋት በተስፋፋባቸው አካባቢዎች፣ ብዙ የኢትዮጵያ ወረዳዎችን ጨምሮ፣ በሰገራ ምርመራ እንቁላል መገኘቱ የሆድ ሕመሙን ምክንያት አያስረዳም፤ ብዙ ልጅ ትሉን ይዞ ሳይታመም ይኖራልና። በአንጀት ውስጥ ትል ማየትም እንዲሁ ትርፍ አንጀትን ከመፈለግ አያሰናብትም። ክር መሰሉ ትንሽ ትል ደግሞ፣ ሴቷ እንኳ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነች፣ በአልትራሳውንድ ይገኛል ተብሎ አይጠበቅም፤ ትርፍ አንጀት ውስጥ መኖሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ተቆርጦ የወጣው ትርፍ አንጀት በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው።

ትርፍ አንጀቱ ጭራሽ ካልታየ ውጤቱ “ጤነኛ” ሳይሆን “አልታየም” ተብሎ ይጻፋል፤ ሕመሙ ከቀጠለም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ምርመራው ይደገማል፣ ወይም ታካሚው በቀዶ ሕክምና ሐኪም ይታያል።