አልጌ በእንክብል ወይስ በውሃ፦ በሽሪምፕ አመጋገብ ጥናት የተዘነጋ ማስረጃ

ጥቃቅን አልጌዎች ለእርባታ ሽሪምፕ በሦስት መንገድ ይደርሳሉ። በመፈልፈያ ጣቢያ ሕይወት ያላቸው አልጌዎች ለእጮች ይሰጣሉ፤ ደርቀውና ተፈጭተው ከእንክብል መኖ ጋር ይደባለቃሉ፤ በኩሬ ውሃ ውስጥ ደግሞ ማንም ሳይዘራቸው ይበቅላሉ። የመጀመሪያው አከራካሪ አይደለም። ሁለተኛው ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ብዙ ተጽፎበታል። ሦስተኛው ግን የውሃ አያያዝ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ በመኖ ጥናቶች ውስጥ እምብዛም አይነሣም። ስለ አልጌ ዱቄት የሚነገረው ብዙው ነገር የሚሳሳተው ይህን ሦስተኛውን መንገድ ከስሌቱ በማውጣቱ ነው።

የመፈልፈያውን ታሪክ በአጭሩ ማንሣት ይበቃል። የሽሪምፕ እጭ ከእንቁላል ወጥቶ ናውፕሊየስ በሚባለው ደረጃ ሳለ የሚመገበው በሰውነቱ የያዘውን አስኳል ነው። ዞኢያ ወደሚባለው ደረጃ ሲሸጋገር አስኳሉ ያልቅና ከውሃው አጣርቶ መመገብ ይጀምራል። ጃፓናዊው ሞቶሳኩ ፉጂናጋ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተሙት ሥራ፣ በዚህ ደረጃ ላይ ያሉ የኩሩማ ሽሪምፕ እጮችን ስኬሌቶኔማ በተባለው ዳያተም ማሳደግ እንደሚቻል አሳዩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በ1960ዎቹ በጋልቬስተን፣ ቴክሳስ የሚገኘው የአሜሪካ የዓሣ ሀብት ቤተ ሙከራ አልጌውን ለብቻው አባዝቶ ወደ እጮቹ ገንዳ የመጨመርን ዘዴ አዳበረ። ዛሬም ኬቶሴሮስና ታላሲዮሲራን የመሳሰሉ ዳያተሞች በየመፈልፈያው ይመረታሉ። እጩ ማይሲስ ሲሆን አርቴሚያ ይጨመርለታል፤ ከዚያ በኋላ አልጌ ዋና ምግቡ መሆኑ ይቀራል።

ስለ አልጌ ይዘትም የታወቀው ብዙ ነው። ዳያተሞችና ናኖክሎሮፕሲስ ኢፒኤ፣ አይሶክራይሲስ ደግሞ ዲኤችኤ በተባለው የቅባት አሲድ የበለጸጉ ናቸው። ስፒሩሊና ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ቢሆንም እነዚህን ሁለት የቅባት አሲዶች አይሰጥም፤ በአመዳደቡም ሳይኖባክቴሪያ እንጂ እውነተኛ አልጌ አይደለም። ሽሪምፕ በበኩሉ ስቴሮልን በሰውነቱ መሥራት አይችልም፤ ከምግቡ ማግኘት አለበት። ስለዚህ «አልጌ» በሚል የወል ስም የተደረገ ሙከራ ሁሉ የትኛውን አልጌ እንደሆነ ካልገለጸ ፋይዳው ትንሽ ነው።

አለመግባባቱ የሚጀምረው ከእጭነት ካለፈው፣ በኩሬ ከሚያድገው ሽሪምፕ ላይ ነው። በ2009 ጁ፣ ፎርስተርና ዶሚኒ አኳካልቸር በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ተመራማሪዎቹ ታላሲዮሲራንና ናኖክሎሮፕሲስን በሙሉነታቸው፣ እንዲሁም በኬሚካል ዘዴ ከፋፍለው፣ በተመጠነ መኖ ላይ እየጨመሩ ለነጩ የፓሲፊክ ሽሪምፕ፣ ለቫናሜይ፣ አበሉ፤ ዕድገቱም ተሻሻለ። ሙከራው ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፤ ውጤቱንም ለመጠራጠር ምክንያት የለም። ችግሩ ከውጤቱ በኋላ በመጣው ትርጓሜ ላይ ነው። ይህንንና መሰል ጥናቶችን የሚጠቅሱ ጽሑፎች «የአልጌ ዱቄት የእርባታ ሽሪምፕን ዕድገት ያፋጥናል» ወደሚል ጥቅል ፍርድ ይዘላሉ። ነገር ግን የመኖ ሙከራ እንደ ደንቡ የሚካሄደው በቤት ውስጥ ታንክ፣ በጠራ ውሃ ነው፤ እንስሳው ከእንክብሉ በቀር የሚቀምሰው ነገር እንዳይኖር ተብሎ። የአንድን ንጥረ ነገር ሥራ ለመለየት ይህ የግድ ነው። ለኩሬ አርቢ ምክር ለመስጠት ግን፣ ጾም በዋለ ሰው ላይ ተፈትኖ የተመሰገነ ምግብ ጠግቦ ለተቀመጠውም ያንኑ ያህል ይጠቅመዋል ብሎ እንደመደምደም ነው።

የኩሬ ሽሪምፕ ጾመኛ አለመሆኑ ደግሞ ከጁና ባልደረቦቻቸው ጥናት ሃያ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ተለክቷል። በቴክሳስ የሚሠሩት አንደርሰን፣ ፓርከርና ሎውረንስ በ1987 ያሳተሙት ጥናት የቀረበለትን መኖ በኩሬ ውስጥ የሚያድገው ቫናሜይ ምን ያህል እንደሚጠቀምበት ጠየቀ። ዘዴው የካርቦን አይሶቶፕ ነበር። የካርቦን 13 እና የካርቦን 12 መጠን ንጽጽር በእንክብሉና በኩሬው የተፈጥሮ ሕይወት መካከል ይለያያል፤ እንስሳው ሲያድግ ሥጋው የሚይዘው በሰውነቱ ያዋሐደውን ምግብ ንጽጽር ነው። በዚህ ስሌት ከዕድገቱ ከ53 እስከ 77 በመቶ የሚሆነው የመጣው በኩሬው ውስጥ ከበቀለውና ከተራባው ሕይወት ሆኖ ተገኘ። ለተገዛው መኖ የቀረው ከ23 እስከ 47 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር የታተመው በታወቀ መጽሔት፣ በዓለም የአኳካልቸር ማኅበር መጽሔት ላይ ነው፤ አልተሰወረም። ሆኖም ስለ አልጌ ዱቄት በሚጻፉ ጽሑፎች መግቢያ ላይ ሲጠቀስ አይታይም። የዱቄት ሻጭ አለ፤ የአረንጓዴ ውሃ ሻጭ የለም። መዘንጋቱን ለማስረዳት ይህ ብቻ በቂ ላይሆን ይችላል፤ ከቁጥር የማይገባ ምክንያት ግን አይደለም።

በቀጣዩ ዓመት ሌበርና ፕሩደር በሃዋይ ኦሽያኒክ ኢንስቲትዩት ያካሄዱት ሥራ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አጠናከረው። ተመሳሳይ መኖ የተሰጣቸው ሽሪምፖች በጠራ የጉድጓድ ውሃ ካደጉት ይልቅ በሽሪምፕ ኩሬ ውሃ ያደጉት በጉልህ በለጡ። በ1992 ሾን ሞስና ባልደረቦቻቸው የኩሬውን ውሃ በየመጠኑ እያጣሩ ብልጫው በየትኛው ክፍል እንዳለ ፈለጉ። ብልጫው የተገኘው በውሃው ከሟሟው ነገር ሳይሆን ከግማሽ ማይክሮሜትር በላይ ከሆኑት ቅንጣቶች ነው፤ ማለትም ከጥቃቅን አልጌዎችና ከረቂቅ ሕዋሳት ስብስብ። የሚገርመው፣ የጁ፣ የፎርስተርና የዶሚኒም ሥራ የመጣው ከዚያው ተቋም መሆኑ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የኩሬ ውሃ ጥያቄ ቀስ በቀስ የዱቄት ጥያቄ ሆነ፤ ከተቋሙ ውጭ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ሁለተኛውን ይዘው የመጀመሪያውን ተዉት።

ሁለቱ ሥራዎች በአንድነት ሲነበቡ የዱቄቱ ውጤት ሌላ መልክ ይይዛል። በጠራ ውሃ ውስጥ የታየው የዕድገት ጭማሪ ዱቄቱ የሚያመጣው አዲስ ጥቅም ሳይሆን፣ ሙከራው ራሱ ከእንስሳው የነጠቀውን መልሶ መስጠት ሊሆን ይችላል። በአረንጓዴ ኩሬ ውስጥ ይህ የተነጠቀ ነገር በነጻ አለ።

ለዚህ አስተያየት የተለመደው ተቃውሞ የአንደርሰን ኩሬዎች ዛሬ ካሉት ጋር አይወዳደሩም የሚል ነው። በአሁኑ እርባታ በአንድ ካሬ ሜትር ከመቶ በላይ ሽሪምፕ ማሳደግ የተለመደ ስለሆነ የተፈጥሮ ምግብ ድርሻ አነስተኛ ነው ይባላል። ድርሻው መቀነሱ እውነት ነው፤ ይጠፋል ማለቱ ግን ማስረጃ የለውም። ሚሼል በርፎርድና ባልደረቦቿ በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በቤሊዝ ውሃ በማይለወጥበትና ሽሪምፕ እጅግ በታጨቀበት ኩሬ፣ እንስሳው በየቀኑ በሰውነቱ ካስቀረው ናይትሮጅን ከ18 እስከ 29 በመቶ የሚሆነው የመጣው በውሃው ከነበረው የተፈጥሮ ሕይወት ነው። በሃዋይ የተፈተነው ውሃም ከጥቅጥቅ እርባታ የተቀዳ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኩሬ አልጌ የማይታመን መሆኑን ያነሣል፦ ዛሬ ይለመልማል፣ ነገ በአንድ ሌሊት ይሞታል፣ አንዳንዴም ጎጂ ሳይኖባክቴሪያ ይነግሥበታል፤ የዱቄት ይዘት ግን አይለዋወጥም። ይህ ስለ ኩሬ አያያዝ የሚነሣ ቅሬታ እንጂ ለዱቄት የሚቀርብ ማስረጃ አይደለም። ጃክሰን፣ ፕሬስተን፣ ቶምፕሰንና በርፎርድ በ2003 በአውስትራሊያ ጥቅጥቅ እርባታ ላይ እንደለኩት፣ ወደ ኩሬው ከሚገባው ናይትሮጅን 90 በመቶው የሚመጣው ከመኖ ሲሆን፣ ሽሪምፕ ሆኖ የሚሰበሰበው ከጠቅላላው 22 በመቶ ብቻ ነው። ከቀሪው አብዛኛው በመጨረሻ ከኩሬው ውሃ ጋር ወደ አካባቢ ይወጣል፤ በኩሬው ሳለ ግን አልጌን የሚያለመልመው ይኸው ነው። በእንክብል የሚጨመር ዱቄትም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። በሽታን ስለመቋቋም የሚጠቀሱት ሙከራዎችም አብዛኞቹ የታንክ ሙከራዎች በመሆናቸው ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣባቸዋል።

እርግጥ የአይሶቶፕ ስሌት ገደብ አለው። ሽሪምፑ አልጌውን ራሱን ይብላው፣ ወይስ አልጌ የበሉትን ጥቃቅን እንስሳት፣ በካርቦን ንጽጽር ብቻ መለየት ይከብዳል። ሆኖም የምግብ ሰንሰለቱ መነሻ በአብዛኛው አልጌው ስለሆነ ለአርቢው ልዩነቱ ጥቂት ነው።

የዱቄቱ ትክክለኛ ቦታ ከዚህ ተነሥቶ ሊወሰን ይችላል። አንደኛው ቀለም ነው። ሽሪምፕ ሲቀቀል የሚታየው ቅላት አስታክሳንቲን ከተባለው ቀለም የሚመጣ ሲሆን እንስሳው ይህን ከምንም ተነሥቶ መሥራት አይችልም፤ ከሌሎች ካሮቲኖይዶች ግን ይለውጣል። በ1993 ሊያኦና ባልደረቦቹ በጃፓን የዓሣ ሳይንስ መጽሔት እንዳሳተሙት፣ ስፒሩሊና የተጨመረበት መኖ የጥቁሩን ነብር ሽሪምፕ ቀለም አሻሽሏል። ገበያው በቀለም ስለሚመዝን ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ከዕድገት ጋር ግን ሊምታታ አይገባም። ሁለተኛው በቤት ውስጥ፣ ብርሃን በሌለበትና ውሃው እየተጣራ በሚመላለስበት እርባታ ነው፤ እዚያ ሽሪምፑ በእርግጥ እንደ ታንክ ሙከራው ጾመኛ ነው። ሦስተኛው የዓሣ ዘይትን መተካት ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ተፎካካሪው ሺዞኪትሪየም ነው፤ በንግድ ስሙ አልጌ ይባል እንጂ በብርሃን ምግቡን የማያዘጋጅ የሌላ ወገን ፍጡር ነው።

ኢትዮጵያ የባሕር ሽሪምፕ ባታረባም ጥያቄው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ስፒሩሊና በጭቱና በአረንጓዴ ሐይቅ በተፈጥሮ ይበቅላል፤ በሐይቆቿ የሚጠመደው ቆሮሶም የውሃ ውስጥ አልጌ ተመጋቢ ነው። ለቆሮሶ ኩሬ የስፒሩሊና ዱቄት የሚመክር ሰው፣ ምክሩ በጠራ ውሃ በተካሄደ ሙከራ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ያንኑ ስህተት ይደግማል።

የሚያስፈልገው ሙከራ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ዓይነት መኖ ዱቄት ተጨምሮበትና ሳይጨመርበት፣ በጠራና በአረንጓዴ ውሃ፣ ጎን ለጎን ሊፈተን ይገባል፤ የዱቄቱ ዋጋም በኩሬ ማዳበሪያ ከሚወጣው ወጪ ጋር ይነጻጸር። ዱቄቱ በአረንጓዴው ውሃ ውስጥም ብልጫ እስኪያሳይ ድረስ፣ ለኩሬ አርቢ የዕድገት ማፋጠኛ ተብሎ ሊመከር አይገባም።