ሕግን እያወቀ የሚበድል ሰው

ልጆቼ ሆይ፤ ክፉ ሥራ የሚመጣው ካለማወቅ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ቦኖሻችን የምትገኝባት የሐዲያ ታሪክ ይበቃናል።

ደማስቆ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1349 የሞተው ጸሐፊ አል ዑመሪ ስለ ሐዲያ አንድ አሳዛኝ ነገር ጽፎልናል። በዚያን ዘመን ጃንደረባ በውድ ዋጋ ይሸጥ ስለ ነበር፣ የባሪያ ነጋዴዎች የሚሸጧቸውን ወንዶች ያሰልቡ ነበር። የአምሐራው ንጉሥ ይህን ሥራ ተጸይፎ ከለከለ። ነጋዴዎቹ ግን ዋሽሉ ወደምትባል ስፍራ እየወሰዱ አሰለቧቸው፤ ከዚያም ቁስላቸው እንዲታከም ወደ ሐዲያ አመጧቸው። ብዙዎቹም ሞቱ።

ነጋዴው ይህን ያደረገው ሕጉን ስላላወቀ ነውን? አይደለም። ባያውቅማ ኖሮ ሕግ የማይደርስበትን ስፍራ ባልፈለገ ነበር።

ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 እና በ1793 ባሳተማቸው መጻሕፍት ይህንኑ ነገር መረመረ። በደለኛ ሰው ሕጉ እንዲጠፋ አይሻም፤ ሕጉ ለሌላው ይጽና፣ ለእኔ ግን ለዛሬ ብቻ ይቅርልኝ ይላል እንጂ። ክፋት ማለት ይህ ነው። ሰው ነፃ ፈቃድ አለውና የመረጠው በደል የራሱ ነው፤ በልማድ ሊያሳብብ አይችልም። ግዴታውም ሰውን እንደ ዕቃ መገልገያ ብቻ አለማድረግ ነው። ካንት ራሱም ከዚህ ፈተና አላመለጠም፤ እ.ኤ.አ. በ1764 ጥቁር ሕዝብን አዋርዶ ጽፎ ነበር፤ በ1795 ግን በስኳር ደሴቶች ይፈጸም የነበረውን የባርነት ጭካኔ ነቀፈ።

ስለ ሐዲያ ሐኪሞችስ ምን እንበል? ቁስለኛውን ከሞት አዳኑት፤ ለገበያም አበቁት። እጃቸው ርኅሩኅ ነበር፤ ሆኖም ያለዚያ እጅ ንግዱ ባልቆመ ነበር።

በአገራችን ባርነት ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተሻረ። ዛሬ ደግሞ ከሆሳዕና አካባቢ ወጣቶችን በስውር ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግር ደላላ አለ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 እንደሚከለክለው ያውቃል፤ ስለዚህም በሌሊት ይጓዛል። ነገር ግን ብቻውን አይሠራም። ገንዘቡን የሚያቀብል፣ ለአንድ ሌሊት የሚያሳድር፣ አይቶ ዝም የሚል ሰው ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ልጆቼ፤ ማንም ሰው፣ እኔ ያደረግሁት ጥቂት ነው፣ ብሎ አይጽናና። ያቺን ጥቂት ነገር፣ አላደርግም፣ ለማለት ነፃ ነበረና።