የድጋፍ ደረጃ (የገበያ ዋጋ)

የድጋፍ ደረጃ (ሰፖርት) በቴክኒካዊ ትንተና ውስጥ እየወረደ የመጣ ዋጋ በተደጋጋሚ ቆሞ ወደ ላይ የሚመለስበት የዋጋ አካባቢ ነው። ተቃራኒው፣ እየወጣ ያለ ዋጋ የሚገታበት አካባቢ፣ የመቋቋም ደረጃ (ሬዚስታንስ) ይባላል። ቴክኒካዊ ትንተና የዋጋን ቀጣይ አካሄድ ካለፈው የዋጋና የግብይት መጠን መዝገብ ለመገመት የሚሞክር ዘዴ ነው። ሮበርት ኤድዋርድስና ጆን ማጊ በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ አክሲዮን ዋጋ ያሳተሙት መጽሐፍ ሐሳቡን በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ነው።

አሠራሩ

ለምሳሌ በዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ በሰቆጣ የአንድ በግ ዋጋ በተለያዩ ወራት ሦስት ጊዜ ወደ 5,000 ብር ወርዶ ሦስቱንም ጊዜ ተመልሶ ቢወጣ፣ 5,000 ብር አካባቢ የድጋፍ ደረጃ ነው ይባላል። በዚያ ዋጋ ነጋዴው «ረክሷል» ብሎ ይገዛል፤ ባለ በጉም «ከዚህ በታች አልሸጥም» ብሎ በጉን ይዞ ይመለሳል። ደረጃው አንድ ቁጥር ሳይሆን ጠባብ ክልል ስለሆነ ዋጋው ለአንድ ገበያ 4,900 ብር ቢገባ ድጋፉ ፈረሰ አይባልም። ከክልሉ በታች ወርዶ እዚያው ከቆየ ግን ድጋፉ ተሰብሯል፤ ብዙ ጊዜም የቀድሞው ድጋፍ ወደ መቋቋም ደረጃ ይለወጣል።

ድጋፍ ሲሰበር

ድጋፍ የሚጸናው ገዢ ገንዘብ፣ ሻጭም መታገሻ እስካላቸው ድረስ ነው። በዋግ ኽምራ ደጋማ ቦታዎች ድርቅ ሲገባ ሻጩ በጉን ይዞ መመለስ ያቅተዋል። ግጦሽና ውኃ ሲያልቅ እንስሳው ይከሳል፣ እህልም ይወደዳል። ብዙ ቤተሰብ እህል ለመሸመት ባንድ ጊዜ እንስሳ ወደ ገበያ ሲያወጣ ሻጭ ይበዛል፣ ገዢ ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ የጸና ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ሊሰበር ይችላል። በጉ 5,000 ብር ላይ ቢጸና እንኳ የእህል ዋጋ እጥፍ ከሆነ፣ በበጉ ዋጋ የሚሸመተው እህል በግማሽ ቀንሷል።

በኢትዮጵያ

በ1994 ዓ.ም. ከተከታታይ ጥሩ ምርት በኋላ የበቆሎ ዋጋ በጣም ወደቀ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ድርቅ ደርሶ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈለገ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። የዋጋ መዝገቡ አጭር በሆነ ገበያ ላይ የሚሰመር የድጋፍ ደረጃ ብዙ ጊዜ ስላልተፈተነ ደካማ ማስረጃ ነው።

ትችት

ተቺዎች ያለፈ ዋጋ የወደፊቱን አያሳይም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ብዙ ነጋዴዎች አንድን ደረጃ አምነው ሲገዙ እምነታቸው ራሱ ድጋፉን ይፈጥራል ይላሉ። በሁለቱም አስተያየት የድጋፍ ደረጃ ዋስትና አይደለም።